የቤተሰብ ውጅግራ፦ ጠፍሩ ይፈታ? አፈሙዙ ይጥቆር? ወይስ ሁሉም ባለበት ይቆይ?

የልጅ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፈቃዱ የተሟላ አንድ ውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራስ ጠመንጃ) አለ፤ እስከ የት ድረስ መታደስ እንዳለበት የቤተሰቡ ሐሳብ ለሁለት ተከፍሏል። ያለበትን ሁኔታ ላስቀምጥ።

መዝጊያው የሚመላለስበት ብረት ላይ በግራ በኩል የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስምና «ሞዴል 1874» ይነበባል፤ አጠገቡ «ኤም 80» የሚል ምት አለ። አፈሙዙ ከወደ ቂጡ 1877 ይላል። ብረቱ በአብዛኛው ቡናማ ነው። ከፊተኛው ቀለበት ሥርና ብረቱ ከእንጨቱ በሚገናኝበት መስመር ግን ቀይ ዱቄት የሚሰጥ ዝገት አለ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ ሦስት ጣት ያህል ስፋት አለው። መካከለኛው ቀለበት የፋብሪካው አይደለም፤ አገር ውስጥ በብር ተሠርቶ እላዩ ላይ የተበየደ ነው። በሰደፉ ቀኝ ጎን የክብ ማኅተም ግማሽ ይታያል። እንጨቱን በቅርብ ዘመን የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቀብተውታል። መወልወያ ዘንጉ ጠፍቷል። መዝጊያው ግማሽ መንገድ ይሄድና ይነክሳል።

አንድ ብረት ቤት «አፈሙዙን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን እናጠቁረዋለን፣ ጠፍሩን ፈትተን ሰደፉን በአዲስ እንቀይራለን» ብሏል። ምን ትላላችሁ?

ወልዋይ

ብረት ቤቱ ያቀረበው ሥራ በሙሉ መልሶ የማይገኝ ነገር ያጠፋል። ግን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። መዝጊያው ስለሚነክስ ዓይንህን አትመን። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ጫፍ አስገባና እስከሚቆምበት ድረስ ምልክት አድርግ። ከዚያ ዘንጉን በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን አስተኝተህ አመሳክር። የተዘጋው መዝጊያ ፊት ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከቆመ የተቀረቀረ ነገር አለና ማንም እንዳይነካው፤ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቅ።

ቀጥሎ ሳትነካው ፎቶ አንሳ። አራቱንም ጎን፣ ማስመሪያ አብሮ እየታየ። ማኅተሞቹን ስታነሳ መብራቱን ዝቅ አድርገህ ከጎን አብራ፤ ከፊት ሲበራ የማይታይ ፊደል ከጎን ሲበራ ጥላ ይጥላል። የክቡ ማኅተም ቀሪ ግማሽም በዚህ ሊወጣልህ ይችላል።

ኤም 80 ማለት በ1880 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ማሻሻያ ያለፈ ነው። የጥይቱ ቂጥ ቢቀደድ ጋዙ እንዲተነፍስ መዝጊያው በሚመላለስበት ብረት በግራው ግድግዳ ውስጥ ቦይ ተፈለፈለበት። ስለዚህ በ1877 የተሠራው መሣሪያ ፋብሪካ ተመልሶ ተነክቷል ማለት ነው። «ወደ መጀመሪያ መልኩ እንመልሰው» የሚል ሰው የትኛውን መጀመሪያ እንደሚል ጠይቀው፤ የ1877ቱን ነው፣ የ1880ውን፣ ወይስ ባለ ብር ቀለበቱን?

አሁን ብረቱ። ቡናማውና ቀዩ አንድ አይደሉም። ደረቅ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርግበት። ጨርቁ ብርቱካናማ ዱቄት ከያዘ ዝገቱ ሕያው ነው፣ እየበላ ነው፤ መቆም አለበት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ያ ቡናማ የዘመን ወዝ ነው፤ አትንካው። ቀዩን ቀጭን የማሽን ዘይት ቀብተህ ሁለት ቀን አቆየው። ከዚያ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፈህ ባዘጋጀኸው የመዳብ ሽቦ ጫር ጫር አድርገህ አንሳ። መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጭርም። የቀረውን ባለ አራት ዜሮ የብረት ሱፍ በዘይት አርሰህ በአንድ ጣት ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ለድስት የሚሸጠውን ሽቦ ግን አታስጠጋው፤ ሸካራ ነው፣ እስከ ወዲያኛው የማይጠፋ ጭረት ይተዋል። ጨርቁ ቀይ መስጠት ሲያቆም አንተም አቁም። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ማብረቅ ሲጀምር ደስ ይለውና ይቀጥላል።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ኮካ፣ የመታጠቢያ ቤት አሲድ አይሞከርም። የፋብሪካው ጥቁረት ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ጥሩውን ኦክሳይድ ከመጥፎው አይለይም። ሁለቱንም ልጦ አመድማ ብረት ያስቀርልሃል።

ባለሙጫ

ስለ እንጨቱ ልጨምር። ጠፍሩን እንዳትፈታው!

ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን አጥብቆ ይይዛል። ያንን የሠራው ሰው እጁን ያውቃል፤ ዛሬ በኮላና በማሰሪያ የሚሠራው ከዚያ እንደማይሻል ደፍሬ እናገራለሁ። አንዴ ከቆረጥከው ደግሞ ያው ቆዳ ተመልሶ አይጠመጠምም።

ይዞ እንደሆነ ለማወቅ አፈሙዙን በጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈህ አስተኛ፣ ሰደፉን በጣም በቀስታ ወደ ታች ተጫን። የስንጥቁ ጫፍ ከጠፍሩ ውጭ ይታያል አይደል? እሱ ካልተከፈተ ጠፍሩ እንደያዘ ነው፣ ተወው። የፀጉር ያህል ከተከፈተ ሙጫ ያስፈልገዋል። ሙጫው ተመልሶ የሚለቅ መሆን አለበት፤ የቆዳ ሙጫ ወይም ፓራሎይድ ቢ 72 የሚባለውን (የቅርስ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የአክሪሊክ ሙጫ) በአሴቶን አቅጥነህ። ኤፖክሲ አይሆንም። ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ኤፖክሲውን ለማውጣት እንጨቱን መስበር ነው።

የቆዳ ሙጫ ከመረጥክ በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ አሙቀው። ብዙ ከሞቀ ጉልበቱን ያጣል። በመርፌ ጥቂት ጥቂት ስጠው። ሙጫው ውሃ ስላለው ጠፍሩን ካረሰው ያላላዋል፤ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረግ። ስንጥቁ ከጠፍሩ በታች ጥልቅ ከሆነ ፓራሎይዱ ይመረጣል፣ ቆዳውን አያረጥብም። አሴቶኑ ግን ቫርኒሹን ያሟሟል፣ በዙሪያው ጠንቀቅ በል።

ብርጭቆ ወረቀት በሰደፍ ላይ ማሳረፍ ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛው ማኅተሙ ይሄዳል። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ፋብሪካው እንጨቱን ከብረቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ነው የተወው። ሲፈገፈግ እንጨቱ ከብረቱ በታች ይወርዳል፣ ጠርዞቹ ይዶለዱማሉ። የሚያውቅ ሰው ሩቅ ሆኖ ያየዋል፤ መድኃኒትም የለውም።

የተጨፈለቀ ቦታ ካለ (ያልተቆረጠ፣ የተጨፈለቀ ብቻ) እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ በካውያ ጫፍ እንፋሎት ብትሰጠው እንጨቱ ያብጥና ይመለሳል። ግን ማኅተሙ ራሱ የተጨፈለቀ እንጨት መሆኑን አትርሳ። በእንፋሎት እሱም ያብጥና ይጠፋል። ከማኅተሙ ቢያንስ አራት ጣት ራቅ። በእኔ አስተያየት ግን ይሄ መሣሪያ እንፋሎት አያስፈልገውም።

ፖቶማክ

ከዲሲ አካባቢ ነው የምጽፈው፤ ጥቂት ልቃወም።

የምትሉት ለዚህ መሣሪያ ልክ ነው። እንደ ሕግ ለሁሉም ስታውሉት ግን አይሠራም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ በብዛት ተሸጠዋል፤ ውጅግራም አለበት። አንዳንዱ ሰደፉ ለሁለት የተሰበረ፣ መዝጊያው የሌላ፣ ምስጥ የበላው ነው። ከሁለት አንድ መሥራት ለእንዲህ ያለው ነውር አይደለም። ሰደፉ ፈርሶ ዱቄት ከሆነ ተኩ፤ አሮጌውን ግን ቁጥር ጽፋችሁበት በሳጥን አስቀምጡ።

የጠፋ ዕቃ ሲተካ የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ አዲሱ ራሱን መደበቅ የለበትም። መወልወያ ዘንግ ስታሠሩ እንጨት ውስጥ በሚገባው ጫፍ በኩል የተሠራበትን ዓመት አስመቱበት። ከውጭ አይታይም፣ ወደፊት የሚፈታው ሰው ግን አይታለልም።

ብሎን ስትተኩ ደግሞ ከሱቅ ኤም 5 (ባለ 5 ሚሊሜትር የዛሬ ብሎን) አምጥታችሁ በግድ አታስገቡ። ዛሬ የምናውቀው የሜትሪክ ጥርስ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት በ1898 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ይሄ መሣሪያ ከዚያ ይቀድማል፣ ጥርሱ የፋብሪካው የራሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር እሺ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ ከዚያ የመቀበያውን ጥርስ በልቶ ይወጣል።

አሜሪካ ላላችሁ፦ በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ነው የሚቆጠረው። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ይለያያልና እዚያው ጠይቁ።

ወልዋይ

@ፖቶማክ ከሁለት አንድ ስለ መሥራት አልጣላህም። ግን «ፈርሷል» የሚለው ቃል በቀላሉ ይለጠጣል። ምስጥ የበላው ሰደፍ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቅርፁ ካለ ፓራሎይድ አጠጥቶ ማጽናት ይቻላል። መተካት የመጨረሻው ነው።

ቫርኒሹን በተመለከተ ደግሞ የሚያከራክር ነገር አለ። ጠፍሩ ይቆይ ብለን ቫርኒሹን እንንሳው ካልን ሁለቱም በኋላ የመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለት ጥያቄ አቀርብበታለሁ። አንደኛ፣ ያ ተጨማሪ ነገር ባይኖር የማናውቀው ነገር ይነግረናል ወይ? ጠፍሩ መሣሪያው ተሰብሮም ሥራ ላይ እንደነበረ፣ በማን ዓይነት እጅ እንደተጠገነ ይነግረናል። የብሩ ቀለበት ባለቤቱ ምን ያህል ይሳሳለት እንደነበር ይናገራል። ቫርኒሹ የሚናገረው አንድ ሰው የቀለም ቆርቆሮ እንደነበረው ነው። ሁለተኛ፣ እየጎዳ ነው ወይ? ቫርኒሹ ማኅተሙን ሸፍኗል፣ ብረቱ ጠርዝ ላይም እርጥበት አምቆ ይሆናል፤ ቀዩ ዝገት በእንጨቱ መስመር የተሰለፈው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ስለዚህ ቫርኒሹ ይነሳ፣ ግን በጥጥ። ከሰደፉ ሥር በማይታይ ቦታ መጀመሪያ አልኮል ሞክር፤ ካሟሟው በእሱ ቀጥል። እምቢ ካለ አሴቶን። ጥጡን በየደቂቃው ቀይር፣ ቆሻሻውን መልሰህ አትቀባው። ኮስቲክ ሶዳ እንዳይታሰብ፤ የሰደፉን እንጨት (ዋልነቱን) ያጠቁራል፣ ጭረቱን ያነሳዋል። ወደ ጠፍሩ ጣት ሲቀርህ አቁም። እዚያ ቫርኒሽ ቢቀር ይቅር።

የልጅ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጥያቄ፦ ዝገቱን ወደ ጥቁር የሚለውጥ ማፍላት የሚባል ዘዴ ሰምቻለሁ፣ ለዚህ ይሆናል? ብሩስ ይወልወል? የነከሰውን መዝጊያ እንዴት ላውጣው?

ዝናብ ውሃ

ስለ ማፍላቱ። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ቀይ ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል፣ ብረቱም ምንም አይላጥም። የሚያስፈልገው ብረቱን በአሴቶን ከቅባት ማጽዳት፣ ሙሉ በሙሉ የሚያስጠልቅ ረጅም የቆርቆሮ ገንዳና የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድንና ክሎሪን ነጠብጣብ ይተዋል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ግን ጽሑፉን አንብቡ! ንጹሕ የዝናብ ውሃም ይሠራል።

ውጭ አገር የሚጻፉት መመሪያዎች 20 ወይም 30 ደቂቃ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 40 ደቂቃ ስጡት። ከዚያ ጥቁሩን ብናኝ ቅባት በሌለው የብረት ሱፍ መጥረግ፣ ቀይ ካለ መድገም፣ በመጨረሻ ገና ትኩስ ሳለ ዘይት።

ለአንተ መሣሪያ ግን አይሆንም። አፈሙዙን ከእንጨቱ ለማውጣት መካከለኛው ቀለበት መነሳት አለበት፤ እሱ ደግሞ የተበየደ ብር ነው። ቀለበቱን ቆርጦ አፈሙዝ ማፍላት የተገላቢጦሽ ሥራ ነው። ወልዋይ እንዳለው ባለበት በመዳብና በዘይት ይሠራ።

ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ላላችሁ፦ ማፍላት ችግር የለውም፣ ብየዳው በዚያ ሙቀት አይቀልጥም። ሱቆች የሚያደርጉት በጨው መታጠቢያ ማጥቆር ግን 140 ዲግሪ ገደማ በሆነ ኮስቲክ ውስጥ ነው፤ አፈሙዞቹን ያያያዘውን ለስላሳ ብየዳ ይበላዋል። ቀለሙ አምሮ ይወጣና ከጊዜ በኋላ ሁለቱ አፈሙዞች ይለያያሉ።

የናስ ቀለበት

ብሩን በተመለከተ። የጠገራ ብር አቅልጠው የሠሩት ከሆነ (አገራችን አንጥረኞች ዋና ግብዓታቸው እሱ ነበር) የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 83.3 በመቶ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ስለዚህ ጥቁረቱ የብሩ ነው፣ አረንጓዴው የመዳቡ። አረንጓዴውን አንሳ፤ ሰም የመሰለ ነገር ነው፣ በጥርስ እንጨት ይለቃል፤ ቅባትና ቆዳ ከመዳብ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፣ ከተተወ ይበላል። ጥቁሩን ከጉብታው ላይ ብቻ በደቀቀ ኖራ ድንጋይ ዱቄትና በአልኮል አርሰህ ቀለል አድርገው። ቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁር ይቆይ፣ ጌጡን የሚያሳየው እሱ ነው።

በቆርቆሮ የሚሸጠው የብረት ማብረቂያ ክሬም አይጠቅምህም። በእያንዳንዱ ውልወላ ብር ይዞ ይሄዳል፣ ጎድጓዳው ውስጥም ነጭ ዱቄት ይተዋል። ለናስ ደግሞ አሞኒያ ያለበት ይብሳል፣ ተወጥሮ የተመታ ናስ ይሰነጥቃል።

ወልዋይ

መዝጊያው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው የደረቀ ዘይትና ስብ እንደ ሙጫ ሆኖ ነው። በመዶሻ አትምታው። ቀጭን ዘይት በመዝጊያው ዙሪያ አንጠባጥበህ ቀን ከሌሊት አቆየው፣ በእጅህ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ። ካልለቀቀ አሴቶንና የአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለህ ስጠው፤ አሴቶኑ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ቦታ ይስብልሃል። ጨርቅ አልብስ፣ ወደ እንጨቱ እንዳይፈስ።

እሺ ሲል መዝጊያው በሚመላለስበት ብረት ቀኝ በኩል ያለውን ማገጃ ብሎን አላልተህ መዝጊያውን ወደ ኋላ ታወጣዋለህ። ካቻቢቴው የብሎኑን ቦይ በስፋትም በውፍረትም ሞልቶ መግባት አለበት። የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ተንሸራቶ ይወጣል፣ የብሎኑን ራስ ይቦጭቃል። ጫፉን በሞረድ ጎንና ጎኑ ትይዩ እስኪሆን ሳለው። እምቢ ካለ የብሎኑን ራስ በስታኞ መበየጃ ጫፍ ለሁለት ደቂቃ አሙቀው፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ዝገቱ ይሰነጣጠቃል። ያወጣኸውን እያንዳንዱን ብሎን ቦታውን በጻፍክበት ወረቀት ላይ ውጋ። አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባ ቢመስልም አንድ አይደሉም።

ቧንቧው ውስጥ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ካለ ዘይትና ነጭ ጋዝ አያወጡትም። ጥቀርሻው ጨው ነው፣ ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። ጨርቅ በሙቅ ውሃ አርጥበህ፣ ሌላ ደረቅ አስከትለህ፣ በመጨረሻ ዘይት። ከቂጡ በኩል ሥራ፣ እንጨቱ እንዳይረጥብ አፈሙዙን ወደ ታች አዘንብል።

እና አይተኮስበትም። 11 ሚሊሜትሩ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ ብረቱን ውስጥ ውስጡን ምን እንደበላው ከውጭ አይታይም።

ባለሙጫ

ቫርኒሹ ከተነሳ በኋላ «ተልባ ዘይት ቀባው» የሚሉ አይጠፉም። ገበያ የሚጨመቀው ተልባ ጥሬ ስለሆነ ለሳምንታት አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በዓመታት ደግሞ ይጠቁራል። ማድረቂያ የገባበት የቀለም ሱቁ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን የነከረው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያቃጥላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት። ለዚህ ሰደፍ ከሁለቱም ማይክሮክሪስታላይን ሰም (ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም) በጣም ስስ አድርጎ መቀባት ይበልጣል። ለብረቱም ያው ሰም ይሆናል። የማር ሰም አሲድነት ስላለው ብረት ላይ አልመርጠውም። ጠፍሩ ላይ ግን ምንም አይቀባ፤ ቅባት ያለሰልሰዋል፣ ሲለሰልስ ይላላል።

መዝገብ ቤት

ከቴክኒኩ ውጭ ሁለት ነገር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል ይላል፤ ከአገር ማውጣትም እንዲሁ። መሣሪያውን ብረት ቤት ከማድረስህ በፊት በአዋጅ 1177/2012 ያለህ ፈቃድ ለሌላ ሰው አሳልፈህ ለጥገና እንድትሰጥ ይፈቅድልህ እንደሆነ ፖሊስ ጠይቅ። ጥንታዊ ስለሆነ ነጻ ነው ብለህ አትገምት።

ሌላው፣ መዝገቡ ላይ «የዓድዋ ጠመንጃ» ብለህ እንዳትጽፍ። ሞዴሉ ብቻ ያንን አያስረዳም፤ ውጅግራ እስከ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦርነት ድረስም በእጅ ነበር። ቤተሰቡ የሚያውቀውን ከማን እንደተሰማ ጽፈህ ለብቻው አስቀምጥ፣ ብረቱ ላይ የሚነበበውን ለብቻው።

የልጅ ልጅ

ውሳኔው፦ ጠፍሩና ብሩ ይቆያሉ፣ ቀዩ ዝገት በመዳብና በዘይት፣ ቫርኒሹ በጥጥ፣ መዝጊያው ይፈታል፣ ማጥቆር የለም። ዘንጉን ማሠራት ላይ ቤተሰቡ ገና አልተስማማም። የጥገናው ፈቃድ ሲገኝ እጀምራለሁ። ሥራው ሲያልቅ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ልመልሰው?

ወልዋይ

በፍጹም። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድ አለ፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጥ። ላስቲክም አታልብሰው። በታጠበ ነጭ አቡጀዴ ሸፍነው፣ ከኩሽና ጭስ ራቅ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የእርጥበት መለኪያ ካለህ ከ45 እስከ 55 በመቶ። የመርፌው ሞላ እንዳይወጠር ሆኖ ይቀመጥ።

አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ አቁመው። ሰው ሁሉ በሰደፉ ነው የሚያቆመው፤ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ይወርድና እንጨቱን ያላሽቀዋል። የአንተ ስንጥቅ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።